እንግዳው ላፕቶፑን ሳይነካ ይግባ፦ ስታቲክ አድራሻ ይዞ ለሚመጣ ሰው ራውተርን ማዘጋጀት

ጥያቄው፦ «ደሴ ላይ ስልሳ ሰው የሚይዝ የስልጠና አዳራሽ ያለው እንግዳ ማረፊያ አስተዳድራለሁ። ከየወረዳው የሚመጡ ሰልጣኞች ስልካቸው ያለ ችግር ይገባል። የቢሮ ላፕቶፓቸው ግን ዋይፋዩን ይይዝና ‹ኢንተርኔት የለም› ይላል። የመሥሪያ ቤታቸው አይቲ የኔትወርክ አድራሻውን በእጅ ሞልቶበታል (ስታቲክ የሚባለው)፤ ለመቀየር ደግሞ ፓስወርዱ የላቸውም። ምንም ሳይቀይሩ የሚገቡበት መንገድ አለ?»

አብሽሩ፣ መላ አለው። ላፕቶፑ እንደመጣ ይቀመጥ፤ ሥራው ያለው በእርስዎ ራውተር ላይ ነው። ማይክሮቲክ የሚባለው ዓይነት ራውተር ካለዎት ችሎታው ከዕቃው ጋር አብሮ የመጣ ነው፣ ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ነገር ግን ሁለት ቦታ ላይ በትክክል ካልተዘጋጀ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። ብዙ ሰው «ሞክሬው አልሠራም» ብሎ የሚተወውም እዚያ ላይ ነውና በእነዚያ ሁለት ቦታዎች ረጋ ብዬ እሄዳለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ቀላል ነገር ያረጋግጡ። ዊንዶውስ የኬብሉን አድራሻና የዋይፋዩን አድራሻ ለየብቻ ነው የሚይዘው። የቢሮ አይቲ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው በቢሮ ጠረጴዛ ላይ የሚሰካውን፣ የኬብሉን ነው። ሰልጣኙ የተቸገረው የአዳራሹን ኬብል ሰክቶ ከሆነ ኬብሉን ነቅሎ በዋይፋይ ይሞክር፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። የትኛው እንደተሞላ ለማየት ፓስወርድ አያስፈልግም። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቶ «አይፒኮንፊግ ስላሽ ኦል» (ipconfig /all) የሚለውን ትእዛዝ መጻፍ ይበቃል። በዋይፋዩ ክፍል ሥር «ዲኤችሲፒ ኢኔብልድ» ከሚለው ፊት ለፊት «ኖ» ካለ፣ አዎ፣ ዋይፋዩም በእጅ ተሞልቷል። እዚያው ላይ አድራሻውን፣ ማስኩን (የኔትወርኩን ስፋት የሚያሳየውን)፣ ጌትዌዩን (ወደ ውጭ መውጫ በሩን) እና ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚፈታውን) ወረቀት ላይ ይገልብጡ፤ በኋላ ያስፈልጋሉ። ስልኮች የማይቸገሩት አንድሮይድም ሆነ አይፎን አድራሻ በእጅ ቢሞላ እንኳ ለዚያው ለአንዱ ዋይፋይ ብቻ ስለሚይዙት ነው።

አሁን ላፕቶፑ ለምን እንደሚቸገር። ስልክ ወደ ዋይፋይዎ ሲገባ «አድራሻ ስጡኝ» ብሎ ይጠይቃል፣ ራውተሩም በዲኤችሲፒ ያድለዋል። በእጅ የተሞላ ላፕቶፕ ግን አይጠይቅም። ከኩታበር የመጣ ላፕቶፕ 192.168.10.45 የሚል አድራሻ፣ 255.255.255.0 ማስክ፣ 192.168.10.1 ጌትዌይ ተሞልቶበታል እንበል። የዋይፋይ ፓስወርዱ ትክክል ስለሆነ የምልክቱ መስመሮች ይሞላሉ። ከዚያ ወደ ውጭ ለመውጣት «192.168.10.1 ማን ነው? የማክ አድራሻህን ንገረኝ» እያለ በኔትወርኩ ላይ ይጣራል። ይህ ጥሪ ኤአርፒ ይባላል፤ ማክ ደግሞ የዕቃው የራሱ መለያ ቁጥር ነው። የእርስዎ ራውተር ስሙ ለምሳሌ 192.168.88.1 ነውና ጥሪው አይመለከተውም፣ ዝም ይላል። ላፕቶፑ አንድም ፓኬት ወደ ውጭ ሳይልክ ሲጣራ ይውላል። ስለዚህ የዋይፋዩን ጉልበት ማሳደግ፣ ላፕቶፑን ማጥፋትና ማብራት፣ የኢንተርኔት መስመሩን ከፍ ማድረግ ምንም አይፈይዱም።

ኤአርፒ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ የመለሰለትን ሁሉ እንዲያምን ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህ የዋህነቱ ለአጥቂ የተመቸ ቢሆንም ለእኛም መግቢያ በር ይሆነናል። የማይክሮቲክ ሆትስፖት (እንግዳን በኮድ የሚያስገባው ክፍሉ) «192.168.10.1 ማን ነው?» ሲባል «እኔ ነኝ» ብሎ የራሱን ማክ ይሰጣል። ሌላው ላፕቶፕ 172.16.4.254 ብሎ ቢጣራም «እኔ ነኝ» ይላል። ላፕቶፑ የቢሮውን ጌትዌይ ያገኘ መስሎት ፓኬቱን ይልካል። ራውተሩም ፓኬቱ እንደደረሰው የላኪውን አድራሻ ከራሱ ክምችት ባወጣው አድራሻ፣ ለምሳሌ በ10.83.213.240፣ ይተካዋል። መልሱ ሲመለስ ደግሞ 192.168.10.45 ብሎ ለባለቤቱ ያስረክባል። ላፕቶፑ ከኩታበር ቢሮው የወጣ አይመስለውም። ይህን አሠራር ማይክሮቲክ ዩኒቨርሳል ክላየንት ይለዋል።

የዲኤንኤስም ነገር አብሮ ይፈታል። ላፕቶፑ ላይ የተሞላው ዲኤንኤስ 192.168.10.5 ቢሆን፣ እዚህ የሌለ የቢሮ ሰርቨር ነው። ሆትስፖቱ ግን በፖርት 53 የሚወጣውን የዲኤንኤስ ጥያቄ፣ ለማንም የተላከ ይሁን፣ ይዞ ራሱ ይመልሳል። የድረ ገጽ ስሞች የሚፈቱት በእርስዎ ራውተር ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። የአድራሻ መተካቱ የሚደረገው የፋየርዎል ሕጎች ፓኬቱን ከማየታቸው በፊት ነው። ፍጥነት ሲገድቡም ሆነ ሕግ ሲጽፉ የሚጠቀሙት 10.83 ብሎ የሚጀምረውን የተተካውን አድራሻ ነው። በላፕቶፑ ላይ ባለው አድራሻ የተጻፈ ሕግ ማንንም አይዝም።

ስለ ዕቃው። ለእርስዎ አዳራሽ ሄክስ የሚባለው ባለ አምስት ፖርቱ ማይክሮቲክ በቂ ነው፤ ዋይፋይ የለውምና ከሁለት አክሰስ ፖይንት (የዋይፋይ ማሰራጫ) ጋር ይታሰብ። በአዳራሹ አንድ፣ በመኝታ ክፍሎቹ ኮሪደር አንድ። ሄክስ ላይ ያለው ፈቃድ ደረጃ 4 ሲሆን በአንድ ጊዜ እስከ 200 የገቡ የሆትስፖት ተጠቃሚዎችን ይፈቅዳል። ስልሳ ሰው ስልክና ላፕቶፕ ይዞ ቢመጣ 120 ነው፤ ሠራተኞችና ያደሩ እንግዶች ቢጨመሩም ይበቃል። ያገለገለ ዕቃ የሚገዙ ከሆነ ሲስተም ሥር ላይሰንስ የሚለውን ከፍተው ደረጃውን ይዩ፤ ደረጃ 3 የሚፈቅደው አንድ የሆትስፖት ተጠቃሚ ብቻ ነውና ለዚህ ሥራ አይሆንም። RB750Gr3 የሚባለው የሄክስ ሞዴል ከ8 እስከ 30 ቮልት ስለሚቀበል መብራት ሲጠፋ በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አክሰስ ፖይንቶቹ ስንት ቮልት እንደሚፈልጉ ግን ከጀርባቸው አይተው ይወስኑ።

ወደ ማዘጋጀቱ እንግባ። ኮምፒውተርዎን በእንግዶች ፖርት ላይ ሳይሆን በቢሮው ፖርት ላይ ሰክተው ዊንቦክስ (የማይክሮቲክ ማዘጋጃ ፕሮግራም) ይክፈቱ። ከእንግዶቹ ወገን ሆነው ሆትስፖቱን ካበሩ፣ እርስዎም ያልገባ እንግዳ ሆነው ይቆጠሩና ግንኙነቱ በመሐል ይቋረጣል። ፖርት 1 ከኢንተርኔት አቅራቢው ሞደም ጋር ይያያዝ። ፖርት 2 ለቢሮው ይቅር። ከፖርት 3 እስከ 5 ያሉትን ከነባሩ ብሪጅ (ፖርቶችን በአንድ ኔትወርክ ከሚያጣምረው) አውጥተው «እንግዳ» ብለው በሚያስቡት አዲስ ብሪጅ ውስጥ ያስገቡ። ለዚህ ብሪጅ 10.83.212.1፣ ስላሽ 23 የሚል አድራሻ ይስጡ። ከ10.83.212.1 እስከ 10.83.213.254 ድረስ 510 አድራሻ ያስገኛል። ቁጥሩ ያልተለመደ እንዲሆን ያደረግኩት አውቄ ነው። እንግዳው ይዞት የሚመጣው አድራሻ ከራውተሩ አድራሻ ጋር አንድ ከሆነ ዩኒቨርሳል ክላየንትም አያድነውም። 192.168.0፣ 192.168.1፣ 10.0.0 ብለው የሚጀምሩት በየቢሮው የሞሉ ናቸውና ከእነሱ ይራቁ። ነባሩን ፋየርዎል የሚጠቀሙ ከሆነ አዲሱን ብሪጅ «ላን» በሚለው የኢንተርፌስ ዝርዝር ውስጥ ይጨምሩት።

ከዚያ አይፒ፣ ሆትስፖት ብለው «ሆትስፖት ሴትአፕ» የሚለውን ይጫኑ። ተራ በተራ ይጠይቅዎታል። ኢንተርፌስ ሲል የእንግዳውን ብሪጅ ይምረጡ። አድራሻው ራሱ ይመጣል፤ ማስከሬድ የሚለው እንደተመረጠ ይቆይ። የአድራሻ ክምችቱን ከ10.83.212.10 እስከ 10.83.213.250 ያድርጉት። ሰርተፍኬት «ነን»፣ ኤስኤምቲፒ 0.0.0.0፣ ዲኤንኤስ ሰርቨር አቅራቢዎ የሚሰጠውን ወይም 8.8.8.8። ዲኤንኤስ ኔም የሚለውን ባዶ ይተዉት፤ መግቢያው ገጽ በቁጥር አድራሻ ይከፈታል፣ የሚያስቸግር ነገር ይቀንሳል። በመጨረሻ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል፤ «አድሚን» ብሎ ያቀረበውን እንዳለ አይቀበሉ።

ሲጨርስ «ሰርቨርስ» በሚለው ትር የተፈጠረውን መስመር ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገው «አድሬስ ፑል» የሚለውን ይዩ። ዩኒቨርሳል ክላየንት የሚበራው በዚህች መስመር ነው። የክምችቱ ስም ካለበት በርቷል፤ «ነን» የሚል ከሆነ ጠፍቷል፣ የሚገቡት በዲኤችሲፒ አድራሻ የወሰዱት ብቻ ይሆናሉ። ቀጥለው የብሪጁን መስኮት ከፍተው «ኤአርፒ» የሚለው «ኢኔብልድ» መሆኑን ያረጋግጡ። አንዳንድ ባለሙያ ለጥንቃቄ ብሎ «ሪፕላይ ኦንሊ» ያደርገዋል። ጥንቃቄው ለቢሮ ኔትወርክ ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን አድራሻ በእጅ የሞላውን እንግዳ ሁሉ በሩ ላይ ያስቀረዋል።

አሁን ከሁለቱ የመጀመሪያው፦ ፋስትትራክ። ማይክሮቲክ ከፋብሪካ ሲወጣ በፋየርዎሉ «ፎርዋርድ» ሰንሰለት ላይ ፋስትትራክ የሚል ሕግ ተጽፎ ይመጣል። ሥራው አንድ ግንኙነት ከተመሠረተ በኋላ የቀሩትን ፓኬቶች በአቋራጭ ማሳለፍ ነው፤ ራውተሩ እንዲፈጥን። አቋራጩ ታዲያ ከሚዘላቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የሆትስፖቱ ዩኒቨርሳል ክላየንት ነው። የአድራሻ መተካቱ ሲዘለል ፓኬቱ ባለቤቱን ያጣል።

ምልክቱ አታላይ ነው። ስታቲክ አድራሻ ያለው ላፕቶፕ መግቢያውን ገጽ ይከፍታል፣ ኮዱን ይቀበላል፣ «ገብተዋል» ይለዋል። ከዚያ የሚከፍተው ገጽ ይጀምርና በመሐል ቀጥ ይላል። የመጀመሪያዎቹ ፓኬቶች በዋናው መንገድ ስለሚያልፉ የተሳካ ይመስላል፤ ግንኙነቱ ወደ አቋራጩ ሲገባ ይሞታል። ስልኮች በዚያው ሰዓት በደንብ ይሠራሉ፣ አድራሻቸው መተካት አያስፈልገውምና። ስለዚህ ሰው ሁሉ ጥፋቱን ላፕቶፑ ላይ ወይም መስመሩ ላይ ይጥላል። መድኃኒቱ አይፒ፣ ፋየርዎል፣ «ፊልተር ሩልስ» ገብቶ ፋስትትራክ የሚለውን ሕግ ማጥፋት ነው። መሰረዝ አያስፈልግም፤ ቀይ መስቀሏን ተጭነው ያሰናክሉት። ከዚያ ራውተሩን አንድ ጊዜ አጥፍተው ያብሩ፤ ቀድመው ወደ አቋራጩ የገቡ ግንኙነቶች የሚጸዱት ያኔ ነው። የራውተሩ ሥራ በመጠኑ ይጨምራል፤ አንድ አዳራሽ በሚጠቀምበት የመስመር ፍጥነት ግን ሄክስ አይቸገርም።

ሁለተኛው እንግዶችን እርስ በርስ መለየት ነው። አዳራሹ ውስጥ ከሐይቅና ከመካነ ሰላም የመጡ ሁለት ላፕቶፖች አሉ እንበል፤ ሁለቱም 192.168.1.10 የሚል አድራሻ ተሞልቶባቸዋል። ይህ ብርቅ አይደለም፣ ይህ ቁጥር በየቢሮው አለ። ራውተሩ የሚለያቸው በማክ አድራሻቸው ስለሆነ ለእሱ ችግር የለበትም፤ ለእያንዳንዳቸው የተለያየ አድራሻ ይተካላቸዋል። የሚጋጩት ላፕቶፖቹ ናቸው። ዊንዶውስ አድራሻውን ሥራ ላይ ከማዋሉ በፊት «ይህን የያዘ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው ላፕቶፕ «አለሁ» ካለው አድራሻውን ትቶ 169.254 ብሎ የሚጀምር የራሱን ይወስዳል። ያ አድራሻ ጌትዌይ የለውም፤ ጌትዌይ የሌለው ኮምፒውተር ደግሞ ወደ ውጭ ለመውጣት አይጣራም፣ ራውተሩም የሚመልስለት ጥሪ አያገኝም።

ስለዚህ አንዱ እንግዳ ሌላውን እንዳይሰማ ያድርጉ። በአክሰስ ፖይንቶቹ ላይ «ክላየንት አይሶሌሽን» ወይም «ኤፒ አይሶሌሽን» የሚል አለ፤ ያብሩት። ማይክሮቲክ ዋይፋይ ከሆነ በቆየው የዋየርለስ ሜኑ «ዲፎልት ፎርዋርድ» የሚለውን ምልክት ማንሳት፣ በአዲሱ ደግሞ በዳታፓዝ ሥር «ክላየንት አይሶሌሽን» ማብራት ነው። ይህ ግን የሚለየው በአንዱ አክሰስ ፖይንት ላይ ያሉትን ብቻ ነው። የአዳራሹና የኮሪደሩ ሰዎች በራውተሩ ብሪጅ በኩል ይሰማማሉ። ለዚህ ብሪጅ፣ ፖርትስ ገብተው ለፖርት 3፣ 4 እና 5 «ሆራይዘን» በሚለው ቦታ ተመሳሳይ ቁጥር፣ ለሦስቱም 1፣ ይጻፉ። አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ፖርቶች እርስ በርስ አይተላለፉም፤ ከራውተሩ ጋር ብቻ ይነጋገራሉ። በጠረጴዛዎቹ ላይ የኬብል ሶኬት ካለና ከተራ ስዊች ጋር ከተያያዘ፣ በዚያ ስዊች ላይ ያሉት አሁንም ይሰማማሉ። «ፖርት አይሶሌሽን» ባለው ስዊች ይተኩት፤ ያ ካልተቻለ ሶኬቶቹን ትተው ሰውን ሁሉ ወደ ዋይፋይ ያዙሩ።

መለየቱ ለደኅንነትም ያስፈልጋል። የአንዱ ወረዳ ላፕቶፕ ያመጣው ቫይረስ ወደ ጎረቤቱ እንዳይሻገር ይከለክላል። እንግዶች ያለ ምንም መከልከያ የሚተያዩበት ኔትወርክ መክፈት ለእንግዳ አክብሮት ማጣት ነው ብዬ አምናለሁ።

አክሰስ ፖይንቶቹን ሲያገናኙ ሁለት ስሕተት ይጠንቀቁ። አንደኛው ተራ የቤት ራውተር እንደ አክሰስ ፖይንት ሲገባ ነው። ኬብሉ «ዋን» በሚለው ፖርት ከተሰካ የቤት ራውተሩ በመሐል ገብቶ የራሱን ኔትወርክ ይሠራል። የእንግዳው ጥሪ ማይክሮቲኩ ጋ አይደርስም፤ የቤት ራውተሩ ደግሞ ለማያውቀው አድራሻ አይመልስም። ኬብሉን ወደ «ላን» ፖርት ያዛውሩ፣ የራሱን ዲኤችሲፒ ያጥፉ፤ «አክሰስ ፖይንት ሞድ» ካለው እሱን ይምረጡ። ሁለተኛው ሪፒተር (የዋይፋይ ምልክት ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጨው) ነው። ርካሽ ሪፒተሮች ብዙዎቹ ከኋላቸው ያሉትን ሰዎች ሁሉ በአንድ ማክ አድራሻ ነው የሚያቀርቧቸው። ማይክሮቲክ ለአንድ ማክ የሚፈቅደው አድራሻ ሳይነካ ሁለት ነው፤ «አድሬስስ ፐር ማክ» በሚለው ይታያል። በሪፒተር በኩል የመጣ ሦስተኛ ሰው ደጅ ይቀራል። ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን አድራሻቸው አንድ የሆነ ሁለት ላፕቶፖች በአንድ ሪፒተር በኩል ከመጡ ራውተሩ የሚለያቸው ነገር የለውም። ኮሪደሩ ድረስ ኬብል ይሳቡ፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ዓመታት ያገለግላል።

አንዴ ከተዘጋጀ በኋላ የሚመጣው ቅሬታ የሻይ ሰዓት ቅሬታ ነው። ሰልጣኞች ላፕቶፑን ከድነው ለቡና ይወጣሉ፤ ተመልሰው ሲከፍቱት እንደገና ኮድ ይጠይቃቸዋል። የተጠቃሚ ፕሮፋይሉ «ኪፕአላይቭ ታይምአውት» ከፋብሪካ ሁለት ደቂቃ ነው፤ የተኛ ላፕቶፕ ስለማይመልስ እንደሄደ ተቆጥሮ ይወጣል። ወደ አንድ ሰዓት ያሳድጉት። ለስልሳ ሰው አንድ ኮድ የሚሰጡ ከሆነ «ሼርድ ዩዘርስ» የሚለውን ከ1 ወደ 130 ይለውጡ፤ ካልሆነ ሁለተኛው ሰው ሲሞክር አይገባም። ፍጥነት የሚገደበው እዚያው ፕሮፋይል ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር እንግዳው የሚልከው፣ ሁለተኛው የሚቀበለው ነው። 1 ሜጋቢት በ3 ሜጋቢት (1M/3M) ዓይነት ነገር ለስልጠና ይበቃል፤ እንደ መስመርዎ ያስተካክሉት።

መግቢያው ገጽ ራሱ ካልመጣ እንግዳው ብራውዘር ከፍቶ በአድራሻው ቦታ 10.83.212.1 ብሎ ይጻፍ። በኤችቲቲፒኤስ የሚከፈት ገጽ ከመግባቱ በፊት ቢሞክር መግቢያውን ገጽ ሳይሆን የስሕተት መልእክት ብቻ ነው የሚያየው፤ ይህን ቁጥር አዳራሹ በር ላይ በትልቁ ይለጥፉት።

ሰው ከመምጣቱ በፊት ይፈትኑት። በራስዎ ላፕቶፕ ላይ የትም የሌለ አድራሻ ይሙሉ፦ 192.168.77.20፣ ማስክ 255.255.255.0፣ ጌትዌይ 192.168.77.1፣ ዲኤንኤስ 192.168.77.5። በዋይፋዩ ይግቡ፣ ኮዱን ይስጡ፣ ከዚያ አንድ ትልቅ ፋይል እስከ መጨረሻው ያውርዱ። ገጽ መክፈት ብቻ አይበቃም፤ የፋስትትራክ ችግር የሚጋለጠው በትልቁ ፋይል ነው። በዊንቦክስ ሆትስፖት፣ «ሆስትስ» የሚለውን ትር ይክፈቱ። በ«አድሬስ» ሥር 192.168.77.20፣ በ«ቱ አድሬስ» ሥር 10.83 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ጎን ለጎን ያያሉ፤ ከፊቱ «ኤ» ካለ ገብቷል ማለት ነው። በላፕቶፑ ላይ ደግሞ «ኤአርፒ ሰረዝ ኤ» (arp -a) ብለው ቢያዝዙ ከ192.168.77.1 ፊት ለፊት የእርስዎ ራውተር ማክ ተጽፎ ይገኛል። ማኩ ከሌለ ጥሪው ራውተሩ ጋ አልደረሰም፤ ብሪጁን፣ ኤአርፒውንና በመሐል የገባ የቤት ራውተር ካለ ይመርምሩ። ማኩ ኖሮ «ቱ አድሬስ» ከሌለ የ«አድሬስ ፑል»ን ነገር ይመልከቱ። ሁለቱም ኖረው ገጽ የሚንጠለጠል ከሆነ ፋስትትራክ ነው። በመጨረሻ ሁለተኛ ላፕቶፕ በዚያው በ192.168.77.20 አስገብተው ሁለቱም አብረው መሥራታቸውን ይዩ፤ የመለየቱ ፈተና ይህ ነው።

ይህ ዘዴ የማይደርስባቸው ላፕቶፖች አሉ። ጌትዌይ ያልተሞላበት አይወጣም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ መሐንዲሶች የሚያመጡት ላፕቶፕ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ የማሽኑን ፒኤልሲ (መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) ለማናገር 192.168.0.50ና ማስክ ብቻ ተሞልቶ ጌትዌዩ ባዶ ይቀራል። ያም ቢሆን ብዙ ጊዜ በኬብሉ በኩል ስለሆነ ዋይፋዩ ነፃ ነው። ብራውዘሩ የቢሮውን ፕሮክሲ (በመሐል ሆኖ ገጾችን የሚያስተላልፍ ሰርቨር) እንዲጠቀም የታሰረበት ላፕቶፕም ፕሮክሲው ካልተነሳለት በቀር ኮዱን ከሰጠ በኋላም ገጽ ላይከፍት ይችላል። ቪፒኤን ካልተገናኘ ምንም እንዳያሳልፍ የተቆለፈ ላፕቶፕ መግቢያውን ገጽ ማየት አይችልም። በቪፒኤን የተቆለፈውን ላፕቶፕ ማክ ወስደው «አይፒ ባይንዲንግስ» ውስጥ «ባይፓስድ» ብለው ቢመዘግቡት ያለ ኮድ ያልፋል፤ ስልጠናው ሲያልቅ ግን መስመሩን ይሰርዙት።

ማይክሮቲክ እስኪገዙ ድረስ ለአንድ ስልጠና የሚሆን ጊዜያዊ መላም አለ። ሰልጣኞቹ ሁሉ ከአንድ መሥሪያ ቤት ከሆኑ አድራሻቸው አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያ የገለበጡትን ወረቀት ይዘው፣ ትርፍ የቤት ራውተር ይፈልጉና የ«ላን» አድራሻውን የእነሱ ጌትዌይ፣ በምሳሌያችን 192.168.10.1፣ ያድርጉት። ማስኩም እንደነሱ ይሁን፤ «ዋን» ፖርቱን ከነባሩ ኔትወርክ ጋር ያያይዙ። ለእነሱ ብቻ የሚሆን የዋይፋይ ስም ይስጡት። ላፕቶፖቹ ቢሯቸውን ያገኙ ያህል ይሠራሉ። ሁኔታው ሁለት ነው፦ ዲኤንኤሳቸው ጌትዌዩ ራሱ ወይም እንደ 8.8.8.8 ያለ ከውጭ የሚገኝ መሆን አለበት፤ ነባሩ ኔትወርክ ደግሞ በዚያው 192.168.10 መሆን የለበትም። ዲኤንኤሳቸው የቢሮ ውስጥ ሰርቨር ከሆነ ይህ መላ አይሠራም። ከተለያየ ወረዳ የመጡ ሲሆኑም እንደዚሁ። ኦፕንደብሊውአርቲ የሚጫንበት ራውተር ካለዎትና ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው ካገኙ ኩቫቺሊ የሚባለው ሶፍትዌር «ዩኤኤም ኤኒ አይፒ» በሚለው አማራጩ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ለማዘጋጀት ግን ከማይክሮቲኩ ይከብዳል።

የቀረው የእርስዎ የራስዎ ዕቃ ነው። ለሁሉም «እኔ ነኝ» የሚል ራውተር የካሜራ ዲቪአርና የገንዘብ መቀበያው ኮምፒውተር ባሉበት ብሪጅ ላይ ፈጽሞ አይብራ። ዲቪአሩ ኮድ መስጠት ስለማይችል እንዳልገባ እንግዳ ይታገዳል፣ ካሜራውን ከሩቅ ማየት በዚያው ይቆማል። እነዚህ ፖርት 2 ላይ ይቆዩ። ከእንግዳው ብሪጅ ወደ ቢሮው ኔትወርክና ወደ ሞደሙ መቆጣጠሪያ ገጽ፣ ለምሳሌ ወደ 192.168.1.0 ስላሽ 24፣ የሚሄደውን ሁሉ በ«ፎርዋርድ» ሰንሰለት ላይ ይከልክሉ፤ ዲኤንኤሱን ራውተሩ ራሱ ስለሚመልስ በዚህ የሚጎዳ እንግዳ የለም። አይፒ፣ ሰርቪስስ ውስጥ ደግሞ ዊንቦክስ ከቢሮው ኔትወርክ፣ ከ192.168.88.0 ስላሽ 24፣ ብቻ እንዲከፈት ይገድቡ። ሁሉ ነገር ከሠራ በኋላ ፋይልስ ውስጥ ባክአፕ ይውሰዱና በፍላሽ ያስቀምጡት፤ የደሴ ክረምት መብረቅ ራውተሩን ቢያቃጥልብዎ ተመሳሳይ ሞዴል ገዝተው ያንኑ ይመልሱበታል።